ንጉሥ ሁጀፋ በእውነት ኖሮ ያውቃል ወይ?

ለአስፌ፣ ለቤቴም ለልቤም አባወራ፤

ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ጤናህን አልጠይቅህም፤ ሕመሙን ሁሉ አራግፈህ ሄደሃል። የኔን ብነግርህ ጉልበቴ ደህና ነው፣ ስኳሩም ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ፊቴ ነው። ሰው ፊት ቀና ማለት አቅቶኝ ከርሟል። አፍሬያለሁ አስፌ። ካንተ ጋር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ ሱዳን ካምፕ ውስጥ ሳህን ይዘን ስንሰለፍ እንኳ።

ደብዳቤውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ የምጽፍልህ፣ ያሳፈረኝን ነገር የተናገርኩት ሰው በተሰበሰበበት ስለሆነ ነው። ጓዳ ገብቶ ይቅር በለኝ ማለቱ አልበቃኝም። አንተ የምታውቀውንም ለማያውቅ ሰው ስል እደግመዋለሁና አትሰልች።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። እዚህ አሜሪካ፣ ሬይኖልድስበርግ ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። በፀደይ የተነሳው ንፋስ የጓሮውን አጥር ጥሎት ነበር፤ ጎረቤታችን ሳልጠይቀው አቆመልኝ። መኪናህን ለልጃችን ለሊያ ሰጠኋት። በሩ ኪስ ውስጥ ያስቀመጥከውን ከረሜላ እስካሁን አልቀመሰችውም፣ አልጣለችውምም። እኔ አሁንም የትምህርት ቤት ባስ እነዳለሁ። «ምነው ጡረታ ብትወጪ» ይሉኛል። ቤት ቁጭ ብዬ ከማን ጋር ላወራ? ባሱ ላይ ቢያንስ የሚጮህብኝ አለ።

አሁን ወደ ንጉሡ ልግባ።

ካርቱም በተጋባን በመጀመሪያው በጋ፣ ቀን ሲሚንቶ ስትሸከም ትውልና ማታ አቧራህን ሳታራግፍ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን መሬት ላይ አንጥፎ ከሚሸጥ ሰው ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዘህልኝ መጣህ። የጥንት ግብፅ ነገሥታት ታሪክ ነበር። እንግሊዝኛ የምንማርበት ሌላ መጽሐፍ ስላልነበረን በፈርዖኖች ተማርን። «ነገሠ»፣ «ሞተ»፣ «ተቀበረ» የሚሉትን ቃላት ያወቅኳቸው «እንደምን አደሩ» ማለት ከመቻሌ በፊት ነው። አሜሪካ ስንገባ ኤርፖርት የተቀበለችንን ሴትዮ ለሰላምታ «ነገሠ» ያልኳት ነገር እስካሁን ያስቅሃል ብዬ አስባለሁ።

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እያንዳንዱ ንጉሥ የራሱ ገጽ ነበረው። ያሠራው ሐውልት፣ የወጋው ጠላት፣ የተቀበረበት ቦታ ተጽፎለታል። ሁጀፋ የሚባለው ግን አንዲት መስመር ብቻ ነበረችው፤ ስሙና የነገሠበት ዘመን፣ ሌላ ምንም። «ይኼስ ምን ሠርቶ ነው?» አልኩህ። «እንጃ» አልከኝ፤ «የሚያወራለት አጥቶ ይሆናል።» ቀጥለህም «እኔ አወራለታለሁ» አልክ።

ጀመርክም። ሁጀፋ ድሃ የሚወድ ንጉሥ ሆነ። ፒራሚድ ያላሠራው ሠራተኞቹን እንዳያደክም አዝኖላቸው ነው ተባለ። እኔም ዝም አላልኩም። ሚስት ይኑረው ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ቁጡ ትሁን ያልኩህም እኔ ነኝ። በዚያ ሙቀት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተኝተን የአንድ ንጉሥ ቤተ መንግሥት በሳቅ ስንገነባ ከረምን። ወደ አሜሪካ የምንሄድበት ቀን ሲደርስ ሻንጣው ከበደና መጽሐፉን ትተነው መጣን። ንጉሡን ግን ይዘነው መጣን።

ሊንደን፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ዳር ባለችው የመጀመሪያ አፓርታማችን ጋሽ ሙሉጌታ አብሮን ኖሯል። ካርቱም አብሮህ ሲሚንቶ የተሸከመ፣ እዚህ ደግሞ አንድ የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ፣ አብሮህ የገባ ጓደኛህ ነው፤ ዛሬ የዕድራችን ሊቀመንበር ነው። ወንዶቹ ተሰብስበው ስለ ታሪክ ሲከራከሩ አንተ ሁጀፋን ታስገባ ነበር። መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። «ስሙን ልብ ብላችሁ ስሙት እስቲ፤ የኛ ስም አይመስልም? ከኛ ወገን የሄደ ሰው ነው» ስትላቸው፣ ጋሽ ሙሉጌታ «እንዲያውም በኛ አገር እንደዚህ የሚባል ቀበሌ አውቃለሁ» ብሎ አገዘህ። እኔ ሳህን እያነሳሁ በልቤ እስቅ ነበር። ሰዉ ግን እያደር አመነህ፤ አንተም ማመናቸውን ወደድከው። እያደር ስምህ ሳይቀር ሁጀፋ ሆነ። «ሁጀፋ መጣ»፣ «ለሁጀፋ ወንበር ስጡት» ይሉህ ነበር። አስፋው የሚልህ እኔና ደሞዝ ክፍሉ ብቻ ቀረን።

ያን ጊዜ «ተው፣ ፈጠራ መሆኑን ንገራቸው» ማለት ይገባኝ ነበር ይሆን? ዌርሃውስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስምህን እንኳ አስተካክሎ የሚጠራህ በሌለበት፣ እሁድ እሁድ አሥር ሰው ዝም ብሎ ሲያዳምጥህ እያየሁ እንዴት ብዬ?

የሙት ዓመትህን ዝክር ያወጣነው በረዶው ገና ሳይቀልጥ ነው። የቤታችን ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ፣ በሰው ሞላ። ከተበላ፣ ቄሱም ጸሎት አድርገው ከሄዱ በኋላ ጋሽ ሙሉጌታ ተነስቶ፣ ዕድሩ የመቃብር ድንጋይህን ለማሠራት መወሰኑን ተናገረ። ድንጋዩ ላይ ስምህ፣ የክርስትና ስምህ፣ ከሥሩ ደግሞ «ሁጀፋ» ተብሎ እንዲቀረጽ ተስማምተዋል። ሰዉ አጨበጨበ። እኔም እንባዬ መጣ።

«የዚህን ንጉሥ ስም በጥንቱ በግብፆቹ ሥዕል ጽሑፍ አስቀርጸን በዓይናችን እናያለን» አለ። «ልጃችንን ሊያን ፈልጊልን ብያት ነበር። እስቲ ያገኘሽውን አሳዪን።»

ሊያን ታውቃታለህ፤ ሥራዋ ማጣራት ነው። ኢንሹራንስ ቢሮ ቁጭ ብላ ሰው «መኪናዬ ተገጨ፣ ቤቴ ተቃጠለ» ብሎ ያመለከተውን እውነት መሆኑን ትመረምራለች። አንድ ነገር ፈልጊ ከተባለች እስከ ታች ሳትቆፍር አትመለስም። ስልኳን ይዛ ተነሳች። ፊቷ ቀልቷል። የተናገረችው ቃል በቃል ጆሮዬ ላይ አለ።

«ጋሼ፣ ሶሪ... ሁጀፋ ስም አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ያለች ፕሮፌሰር ኢሜይል አደረግኩ። ‹ጠፍቷል› ማለት ነው። የድሮ ጸሐፊ ነው፣ የነገሥታት ሊስት ሲገለብጥ ወረቀቱ ተበልቷል፣ ስሙ አይታይም። ስለዚህ ‹እዚህ ጋ ጠፍቷል› ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሰዎች ስም ነው ብለው አሰቡ። ሁጀፋ የሚባል ንጉሥ የለም፣ ጋሼ። አባዬ መቃብር ላይ ‹ጠፍቷል› ብለን አንጻፍ። ፕሊስ።»

 ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አፈተለከው። የሳቀውን ሰው ላየው ዞር አልኩ፤ አንገቱን ደፍቷል። ጋሽ ሙሉጌታ ግን ሊያን አላያትም። ወደ እኔ ዞረ።

«ታዲያ ያ ሁሉ ታሪክ ከየት መጣ?» አለኝ።

እውነቱን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ አስፌ፤ ቢያንስ እንዲያ ይመስለኝ ነበር። አፌን ስከፍት ምን እንደምል አላወቅኩም። ያየሁት ያንተን ፎቶግራፍ ነው። ሻማ በርቶለት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልትዋረድ ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

«ታሪኩ ከመጽሐፉ ነው የመጣው» አልኩ። «መጽሐፉን ባይኔ አይቼዋለሁ። የንጉሡ ታሪክ አንድም ሳይቀር ተጽፎበት ነበር። አብረን ነው ያነበብነው።»

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አላቆምኩም። ወደ ልጄ ዞሬ «አባትሽ በደህና ጊዜ ያነበበውን አንቺ በስልክሽ ልታፈርሺው ነው? አማርኛ እንኳ በቅጡ የማትችይ ልጅ፣ ስለ አባትሽ እውቀት ለማውራት ማን አደረገሽ?» አልኳት።

ሰዉ «ኧረ እሰይ፣ እትዬ ዘነበች! ልጅ ሥርዓት መማር አለባት» አለ። እኔን አከበሩኝ። ሊያ ካፖርቷን አንስታ ደረጃውን ወጣች። የቀረበላት ሳህን ሳይነካ ቀረ። ማታ እቃ ሳጥብ ያንን ሳህን ማራገፍ አቅቶኝ ብዙ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ ኮል ሳደርግላት አታነሳም፤ «ቢዚ ነኝ ማሚ» ብላ ትጽፍልኛለች። እኔም «ልክ ነበርሽ» ብዬ ልጽፍላት እጀምርና እሰርዘዋለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ተስፋ ነበረኝ። ልጅቷ ተሳስታ ቢሆንስ? ፕሮፌሰሯ ተሳስታ ቢሆንስ? ንጉሡ ነበረ ከተባለ የኔ ውሸት ግማሹ ይቀልልኛል አልኩ። የዋሸሁትን ነገር እውነት ሆኖ እንዳገኘው ብዬ ማጣራት ጀመርኩ። ከዚህ የበለጠ ምን ያሳፍራል?

ጠዋት ልጆቹን አድርሼ ከሰዓት በኋላ እስክመልሳቸው ባለው ጊዜ ላይብረሪ እሄድ ጀመር። እዚያ የምትሠራ አንዲት ሴት ስለ ግብፅ ያለውን መጽሐፍ ሁሉ አመጣችልኝ። በአንደኛው ላይ ሁጀፋ ንጉሥ ተብሎ በደንብ ተጽፏል! ልቤ ዘለለ። መጽሐፉን ልዋሰው ተነሳሁ። በሁለተኛው ላይ ስሙ አጠገብ የጥያቄ ምልክት አለ። በሦስተኛው ላይ ጭራሽ የለም። አንዱ ይህ ሰው ስሙ ከሚታወቅ ከሌላ ንጉሥ ጋር አንድ ሳይሆን አይቀርም ይላል፤ ሌላው ይህን አይቀበልም። የተማረ ሰው ይህን ያህል እንደሚለያይ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ወደ ራሷ ወደ ፕሮፌሰሯ ሄድኩ።

የባስ ሹፌሮች የምንለብሰውን አብረቅራቂ ሰደርያ እንደለበስኩ ቢሮዋ በር ላይ ቆምኩ። ሽበቷን ያላቀለመች፣ ከኔ ጋር እኩያ የምትሆን ሴት ናት። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ የሊያ እናት መሆኔን ስነግራት ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ልጅሽ የጻፈችልኝ ጥያቄ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነበር» አለችኝ። ማፈር የጀመርኩት ገና እዚያው ነው፤ ልጄን ባዕድ ሰው ሲያመሰግናት።

ሥዕል አሳየችኝ። ድንጋይ ላይ የተቀረጸ የነገሥታት ዝርዝር ነው፤ እያንዳንዱ ስም የነገሥታት ስም በሚከበብበት ሞላላ ቀለበት ውስጥ ገብቷል። ሁጀፋም ከነቀለበቱ አለ። «ይኸው፣ ንጉሥ ነዋ!» አልኳት፤ ድምፄ ጮኸ መሰለኝ። ሳቀች፤ በክፋት አልነበረም። አንድ ጥንታዊ ጸሐፊ ከሱም በፊት ካረጀ ጽሑፍ ሲገለብጥ፣ ስሙ ከተበላበት ቦታ ደርሶ «ጠፍቷል» የሚል ቃል ማስፈሩን፣ ዘመኑን ግን እንዳገኘው መጻፉን፣ ኋላ የመጡት ደግሞ ቃሉን የሰው ስም መስሏቸው ቀለበት ውስጥ እንዳስገቡት አስረዳችኝ። ካንተ በፊት የተሳሳቱት ሰዎች የግብፅ ሰዎች ራሳቸው ናቸው አስፌ። ይህን ስሰማ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ።

«ሰውየው ራሱስ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ስሙን ተዪው፤ የነገሠው ሰው ነበረ ወይስ አልነበረም?»

«አንድ ሰው ሳይነግሥ አልቀረም» አለችኝ። «ማን እንደሆነ አናውቅም። ሰው በግምት ብዙ ይላል። እኔ ግን ለልጅሽ አናውቅም ብዬ ነው የጻፍኩላት።»

ልወጣ ስል አንድ ነገር ጨመረች። ያንን ጸሐፊ እንደምትወደው ነገረችኝ። የፈለገውን ስም ፈጥሮ ቢያስገባ የሚያውቅበት አልነበረም አለች፤ ዋናው ጽሑፍ እጁ ላይ ነበር፣ ተበልቷል፣ ሌላ ያየው የለም። ይህን ያለችው ለጨዋታ ነው። እኔ ግን መኪና ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳላዞር ቆየሁ። መጽሐፉን ያየሁ እኔ ብቻ ነበርኩ። ያለ እኔ ምስክር አልነበረም። ጊዜው ደርሶ ልጆቹን ለማምጣት ስሄድ አንዷ ትንሽ ልጅ «ዛሬ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት። ይኼው፣ ለሕፃንም ዋሸሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ብሌንደን ታውንሺፕ፣ ሊያ አፓርታማ ሄድኩ። በሩን ከፈተችልኝ፤ ግቢ ግን አላለችኝም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ «ልክ ነሽ፤ ሄጄ አጣራሁ» አልኳት።

«ማሚ፣ የተናደድኩት ለንጉሡ አይደለም» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ዋሽቻለሁ። የንጉሡ ታሪክ መጽሐፉ ላይ አልነበረም። አባትሽ ነው የፈጠረው፣ እኔም አብሬው ፈጥሬያለሁ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች። ክው አልኩ። «ልጅ ሆኜ ነው ያወቅኩት። ማሚ፣ ንጉሡ ፎርክሊፍት ነበረው።»

የዌርሃውሱ እቃ ማንሻ መኪና! ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ልትስቅ ነበር፣ ከንፈሯን ነከሰችው።

«አማርኛ አትችልም አልሽ» አለችኝ። «በሰው ሁሉ ፊት። አማርኛ ከማን የተማርኩ ይመስልሻል? አንቺ ሁልጊዜ ሥራ ነሽ። አባዬ ደግሞ ሁጀፋን በእንግሊዝኛ አልነግርሽም ይል ነበር። እኔ ቀጥሎ ምን ሆነ ማወቅ ፈለግኩ። ስለዚህ ተማርኩ። ያለኝ አማርኛ እሱ ነው። የሁጀፋ አማርኛ ነው።»

 ሦስት አሥርት ዓመት ሊሞላን በቀረበበት በዚህ አገር አንተና እሷ ከመተኛቷ በፊት ስትንሾካሾኩ እኔ እቃ አጥብ ነበር፤ ወይም ለነገ ዩኒፎርሜን እተኩስ ነበር። ምን እንደምታወሩ ጠይቄ አላውቅም። ጉልበቷ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። «ጎረቤት ያያል ማሚ፣ ግቢ» አለችኝ። ገባሁ። ሻይ አፈላችልኝ። ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላለችኝም። «እኔ እኮ ጋሼ ጠየቁኝ፣ መልሱን ነገርኳቸው። አንቺ እንደምትዋሺ በምን አውቃለሁ?» አለችኝ ብቻ። ይህን ቃል እየደገምኩ ቤቴ ተመለስኩ።

የቀረኝ ሰዉ ነበር። አስፌ፣ እዚህ ላይ ነው አንተን የምፈራህ። እውነቱን ብናገር ልጄ ትነሳለች፣ አንተ ትወድቃለህ። ዝም ብል አንተ በክብር ትተኛለህ፣ ልጄ «ባለጌ» እንደተባለች ትቀራለች። ፎቶግራፍህን እያየሁ ብዙ ተሟገትኩህ። በመጨረሻ ያሳመነኝ ያንተው ጠባይ ነው። ሊያ በመንገድ ስታልፍ አንድ ሰው ክፉ ቢናገራት፣ የንጉሥነት ነገር ቀርቶ ሸሚዝ መልበስም ትዝ ሳይልህ ትሮጥላት ነበር።

ለድንጋዩ ሠሪዎች ደወልኩ፤ ገና አልቀረጹትም ነበር። አቆዩልኝ አልኳቸው። ከዚያ ወርኃዊው የዕድር ስብሰባ ሲደርስ፣ «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ሲባል ተነሳሁ።  የፊት ወንበሩን ያዝኩና የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። መጽሐፉ ላይ አንድ መስመር ብቻ እንደነበረ፣ ታሪኩን ካርቱም ላይ እንደፈጠርነው፣ ለሊያም ማታ ማታ ሌላ ሌላ ትነግራት እንደነበረ፣ በሙት ዓመትህ ዕለት ዓይኔን በጨው አጥቤ እንደዋሸሁ፣ ልጄ የተጠየቀችውን በሐቅ መልሳ እኔ እንዳዋረድኳት። «ሥርዓት መማር የነበረብኝ እኔ ነኝ» ብዬ ተቀመጥኩ።

 ከኋላዬ አንዲት ሴት «ምን አለበት ለራሷ ብትይዘው፤ ሟች አይከሰስ» ስትል ሰማኋት። ጋሽ ሙሉጌታ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አስፋው ሲያሾፍብን ነው የኖረው በይኛ» አለኝ።

«እግዚአብሔር ያውቃል፣ አላሾፈባችሁም» አልኩት። «ስትሰሙት ደስ ስለሚለው ነው።»

«እኔ ለልጅ ልጆቼ ተርቻለሁ። ሥራ ቦታ ከአንድ ግብፃዊ ጋር ተጣልቼበታለሁ፣ ዘነበች! ሰውየው የራሱን አገር ታሪክ እንደማያውቅ ነግሬዋለሁ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እንሞት ነበር። ያን ቀን የሳቀ የለም። ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ግድግዳ እያየ ያልፈኛል። እኔም አልወቅሰውም። ሰው ከሞተ ጓደኛው ጋር መጣላት እንዴት እንደሚከብድ ዓይኑ ላይ አየዋለሁ። ሕያው ብትሆን ሄዶ ይሰድብህና ይታረቅህ ነበር። ያንን ዕድል የነፈግኩት እኔ ነኝ መሰለኝ፤ አንተ ታመህ ሳለህ ነገሩን አንስተን ብንስቅበት ኖሮ።

ድንጋይህ የተተከለው በዚህ በጋ ነው። ስምህ፣ የአባትህ ስምና የክርስትና ስምህ ብቻ ነው ያለበት። ብዙ ሰው ይቀራል ብዬ ነበር፤ ዕድርተኛው አብዛኛው መጣ። ጋሽ ሙሉጌታም መጣ። ራቅ ብሎ ዛፍ ሥር ቆመ። ጸሎቱ አልቆ ሰዉ ሊበተን ሲል ቀስ እያለ መጣና እኔን አልፎ ሊያ ፊት ቆመ። ልጄ ደነገጠች። እኔም ክፉ ይናገራታል ብዬ ልቤ ቆመ።

«እኛ የሰማነውን አውቃለሁ» አላት። «ላንቺ የነገረሽ ግን ሌላ አለ ይባላል። እስቲ አንድ አውሪልኝ።»

«አሁን? እዚህ?»

«አዎ፣ እዚህ። እሱም ይስማ።»

ሊያ አየችኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ፤ እኔ ፈቃጅ የምሆንበት ፊት የለኝም። ጀመረች። እኔ ሰምቼው የማላውቀው ታሪክ ነው። ንጉሥ ሁጀፋ ሴት ልጅ ነበረችው። ንጉሡ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ሲመለስ ልጁ ተኝታለች። ስለዚህ አንድ ቀን በአገሩ ያሉትን አውራ ዶሮዎች ሁሉ ሰብስቦ «እኔ ልጄን ቀስቅሼ፣ ፀጉሯን አበጥሬ፣ ቁርሷን አብልቼ ሳልጨርስ የሚጮህ ዶሮ ቢኖር ወጥ ይሆናል» ብሎ አዋጅ አስነገረ። ዶሮዎቹ ፈርተው ዝም አሉ። ዶሮ ስላልጮኸ ፀሐይዋ መውጣት ረሳች። አገሩ ጨለመ፤ ገበሬው ተኛ፣ ጠላት ተኛ፣ ንጉሡና ልጁ ብቻ ነቅተው በጨለማ ገንፎ ሲበሉ ዋሉ።

አማርኛዋ ይሰናከላል። ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርገዋለች። «አዋጅ» የሚለው ቃል ጠፍቷት «ትልቁ ሕግ» አለችው፤ ጋሽ ሙሉጌታ ቃሉን ቀስ ብሎ አቀበላት። እኔ አላረምኳትም። ሰዉ መቃብሩን ከብቦ ያዳምጣታል፤ አንተን ያዳምጡህ በነበረው ጸጥታ።

ስትጨርስ ጋሽ ሙሉጌታ በመሐረቡ አፍንጫውን ጠረገ። «ይኼስ? ይኼስ እውነት ነው?» አላት።

«አይደለም ጋሼ» አለች ልጅህ። «በዚያ ጊዜ ግብፅ ውስጥ ዶሮ የለም። አጣርቻለሁ።»

እንዴት እንደሳቀ ብታይ! አጎንብሶ፣ ድንጋይህን በእጁ ተደግፎ ሳቀ። ሰዉም ተከተለው። ያን ጊዜ ሊያ እጄን ያዘችኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቄ ሳያልቅ ግን ያው እፍረቴ ተመልሶ መጣ። ያ ሁሉ ጠዋት ሳትቀሰቅሳት ወጥተህ የሄድክበት ጸጸት እንዲህ ያስጨንቅህ እንደነበር አላወቅኩም። አንድ ጣራ ሥር እየኖርን፣ ለልጅህ በተረት የነገርካትን እኔ ሚስትህ በቁም ነገር ጠይቄህ አላውቅም።

አሁን ሊያ እሁድ እሁድ ትመጣለች። የነገርካትን አንድ በአንድ እያወራችኝ ነው። ምን ያህል እንደቀራት አልጠይቃትም። ጋሽ ሙሉጌታ ሰላምታውን መልሶልኛል፤ ከበፊቱ ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ ይገባኛል።

አስፌ፣ ስላንተ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ከእንግዲህ የሚሰማው የሆነውን ነው። ሲሚንቶ ተሸካሚ ነበር፣ ልጁን ይወድ ነበር፣ ሲያወራ ያጋንን ነበር፣ እኔም እያወቅኩ አጅቤዋለሁ እላለሁ። ተረትህን ተረት ብዬ፣ አንተን አንተ ብዬ፣ ትንፋሼ እስካለ ድረስ ሁለታችሁንም አነሳችኋለሁ። መርሳቱን እንደሆነ አልችልበትም።

አፈር ይቅለልህ።

ያንተው ዘነበች